የሠራተኛው ሐውልትና የኦቾሎ አደባባይ

ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ የአባያ ሐይቅን ቁልቁል በሚያየው የጋሞ ተራራ ላይ ኦቾሎ ትገኛለች። መንደሯ ቋጥኝ ላይ የተሠራች ናት። ቤቶቿ በገደልና በአለት መካከል ተጠጋግተው ቆመዋል፤ በየዋሻውና በየድንጋዩ ስንጥቅ ሽኮኮ ይኖራል። የሕክምና ተመራማሪዎች የቁንጭርን በሽታ ለማጥናት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ጀምረው ወደዚህ ሲወጡ ኖረዋል። ስለ ሰው ልጅ አስተዳደር የሚጽፉ ሰዎች ግን ኦቾሎን የሚያውቋት በአደባባይዋ ነው።

ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ማርክ አቤሌስ በ1960ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ እዚህ ተቀምጦ ያጠናውን በ1983 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አውጥቶታል። መጽሐፉ የሚመረምረው ፖለቲካ የሚሠራበትን ቦታ ነው። ቤተ መንግሥት የሌለው፣ ቋሚ ጦርም ሆነ ጸሐፊ ያላደራጀ ማኅበረሰብ የጋራ ጉዳዩን በስብሰባ እየመከረ እንዴት ራሱን እንደሚያስተዳድር በዝርዝር ያሳያል። ከዚያ ወዲህ የኦቾሎ ስም ከጥንት ግሪክ ከተሞች ሸንጎ ጋር አብሮ የሚነሣ ሆኗል።

የዚህ ዳሰሳ ጉዳይ ግን ሐውልት ነው፤ ለሠርቶ አደር ክብር የሚቆም፣ በአደባባይ የሚታይ ትልቅ ሐውልት። አዲስ አበባ ውስጥ ቸርችል ጎዳና ላይ እንዲህ ያለ ሐውልት አለ፤ ትግላችን ይባላል፣ ቁመቱ 50 ሜትር ነው። ኦቾሎ ውስጥ ደግሞ ሰዎች ተቀምጠው የሚመክሩበት ድንጋይ አለ። የመጀመሪያው የሠራተኛውን መልክ ወደ ሰማይ አነሣ፣ ድምፁን ግን ወሰደበት። ሁለተኛው ለተራው ገበሬ ድምፅ ሰጠ፣ ሸክላ ሠሪውንና ቆዳ ፋቂውን ግን ከዚያ ድምፅ አስቀረ። ሁለቱን አስተያይቶ ማንበብ ለእኛ ዘመን የሚበጅ ትምህርት አለው፤ ለሠራተኛ የቆመ ሐውልት የሚመዘነው በዙሪያው ሠራተኛው ሊናገር በመቻሉ ነው። ቁመቱም የተሠራበት ነሐስም ከዚህ በኋላ የሚመጡ ጉዳዮች ናቸው።

ቃል የሚነሣበት ድንጋይ

በጋሞ ደጋ እያንዳንዱ ደሬ፣ ማለትም ራሱን የሚያስተዳድር አገር፣ የራሱ ዱቡሻ፣ ማለትም የመሰብሰቢያ አደባባይ፣ አለው። የዱቡሻ መልክ ከቦታ ቦታ ይለያያል። አንዱ ዘንድ ሰፊ የሣር ሜዳ ነው፤ ሌላው ዘንድ ትልልቅ ዛፎች ያጠሉበት ነው፤ እንደ ኦቾሎ ባለ ቋጥኛማ ቦታ ድንጋዩ ራሱ ወንበር ይሆናል። ስብሰባው የሚከፈተው በምርቃት ነው። ሽማግሌ ይመርቃል፣ ተሰብሳቢው ይቀበላል። ከዚያ ጉዳይ ያለው ሰው ይነሣና ይናገራል። የድንበር ጠብ፣ የግጦሽ መሬት፣ የገበያ ሰላም፣ የደም ነገር፣ ወግ የጣሰ ሰው ቅጣት፣ ሁሉም እዚህ ይታያል።

ዱቡሻ ላይ እጅ አይቆጠርም። አንዱ የተናገረውን ሌላው ይመልስበታል፣ ሦስተኛው ያቃናዋል፣ ነገሩ እስኪገጥም ድረስ ይመከራል፤ ካልገጠመም ለሌላ ቀን ይቀጠራል። ሀላቃ የሚባለውን ሹመት የሚይዝ ሰው ለሕዝቡ ይደግሳል፤ ከተሾመም በኋላ የተሾመው የዱቡሻውን ቃል እንዲያስፈጽም ነው። ካዎ የሚባለው ባለ ክብር ደግሞ ዋና ሥራው ስለ አገሩ መሥዋዕት ማቅረብና መመረቅ ነው። ውሳኔው የሚወለደው አደባባይ ላይ፣ ሁሉም እየሰማ ነው። ክፉ የሠራ ሰው ጥፋቱን የሚናዘዘውም እዚያው ነው።

ይህ ሥርዓት የሙዚየም ዕቃ አልሆነም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው በርካታ የጋሞ ተወላጆች ሲገደሉና ሲፈናቀሉ፣ አርባ ምንጭ ላይ የተቆጣ ወጣት ለበቀል ወጥቶ ነበር። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በወጣቱ ፊት ተንበረከኩ። ሣር የያዘ አባትን ረግጦ ማለፍ በጋሞ ወግ የማይታሰብ ነውና ወጣቱ ተመለሰ፤ ቂም የሚወጣባቸው ሰዎችና ንብረታቸው ተረፉ። ያን ቀን አባቶች ዱላ ወይም ጠብመንጃ የያዘ ጠባቂ አልነበራቸውም። የነበራቸው በዱቡሻ ላይ ሲሠራበት የኖረ ቃልና ያንን ቃል የመስማት ልማድ ነው። ከሟቾቹ መካከል ብዙዎቹ በሸማ ሥራ የሚተዳደሩ እንደ ነበሩ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ በዚያ ሳምንት የተከበረውም የተዋረደውም ያው ሠርቶ አደር ሕዝብ ነበር።

ከዱቡሻው የቀሩ እጆች

ስለ ዱቡሻ የሚነገረው ምስጋና እውነት ነው፤ እውነቱ ግን ሙሉ የሚሆነው እነማን ከዚያ እንደ ቀሩ ሲነገር ነው። ሴቶች አይቀመጡበትም ነበር። ማላ የሚባሉት መሬት ያላቸው ባላገሮች ሲናገሩ ማና የሚባሉት ሸክላ ሠሪዎች፣ ደጋላ የሚባሉት ቆዳ ፋቂዎችና ብረት ቀጥቃጮች ከሸንጎው ውጭ ነበሩ። ዝርዝሩ ከደሬ ደሬ ቢለያይም በብዙው የጋሞ ደጋ የእጅ ባለሙያው የእርሻ መሬት አልነበረውም፤ ከማላ ጋር አይጋባም፣ አብሮ አይበላም፣ መቃብሩም ለብቻ ነበር። ይህ ታሪክ የጋሞ ብቻ አይደለም። አሉላ ፓንክረስትና ዲና ፍሪማን በ2003 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የጥናት ስብስብ ተመሳሳይ መገለል በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በብዙ ሕዝቦች ዘንድ መኖሩን ይዘረዝራል። በሰሜንም ብረት የሚቀጠቅጥና ሸክላ የሚሠራ ሰው ቡዳ ተብሎ ሲፈራና ሲሸሽ እንደ ኖረ አንባቢ ያውቃል።

እነዚህ የተገፉ እጆች የሠሩት ምን ነበር? ገበሬው የሚቆፍርበትን ብረት ያወጡት እነርሱ ናቸው። ምጣዱን፣ ድስቱን፣ ገንቦውን፣ እንስራውን የሠሩት ሴቶቻቸው ናቸው። ሸክላ ሠሪዋ አፈሩን ትመርጣለች፣ ትፈጫለች፣ ታቦካለች፣ ያለ መንኮራኩር በእጇ እያዞረች ታነሣዋለች፤ ካደረቀችው በኋላ በሣርና በጭራሮ እሳት ታቃጥለዋለች፣ ከዚያም ተሸክማው ገበያ ትወጣለች። ዳገት ላይ አንድ ጊዜ ብትደናቀፍ የሳምንት ድካሟ ገል ሆኖ ይቀራል። ሠርግ፣ ተዝካር፣ የመስቀል ድግስ፣ የሀላቃ ሹመት፣ ከእርሷ ዕቃ ውጭ የሚደገስ አንድም አልነበረም። ሹመቱ የሚጸናበትን ድግስ የሚሸከመው ገንቦ የእርሷ ሆኖ ሳለ በሹመቱ ላይ አንድ ቃል አልነበራትም።

የጋሞ ቆዳ ፋቂዎች ሙያ ደግሞ በዓለም የቅርስ ጥናት ውስጥ ልዩ ቦታ አለው። ካትሪን አርተር የተባሉት የአርኪዮሎጂ ተመራማሪ ለብዙ ዓመታት ያጠኗቸው እነዚህ ባለሙያዎች ቆዳ የሚፍቁት ድንጋይ ራሳቸው ጠርበውና ስለው፣ በእንጨት እጀታ ላይ በሙጫ አጣብቀው ነው። የድንጋይ መሣሪያ በአብዛኛው የዓለም ክፍል ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ፣ ስለ ባለቤቱ ብዙ የማይናገር ነገር ነው። በጋሞ ግን ሠሪው በሕይወት አለ፤ የትኛው ድንጋይ ለየትኛው ሥራ እንደሚሆን፣ መቼ እንደሚዶለዱምና እንዴት እንደሚሳል ከአባቱ ተምሮ ለልጁ ያስተምራል። ከመላው ዓለም ሊማሩ የሚመጡ ምሁራን የሚቀመጡት ዱቡሻ ላይ እንዲቀመጥ ያልተፈቀደለት ሰው እግር ሥር ነው።

መገለሉን ያጸና የነበረው እምነት የእጅ ባለሙያ ከሌላ ዘር የመጣ ነው የሚል ነበር። ይህን እምነት ሳይንስ መርምሮታል። ካትሪን አርተርና ጆን አርተር ከባልደረቦቻቸው ጋር በጋሞ ደጋ ሞታ በተባለች ዋሻ ውስጥ የዛሬ 4,500 ዓመት ገደማ የተቀበረ ሰው አገኙ። ባይራ የሚል ስም ተሰጠው። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመው የዘር ቅንጣቱ ንባብ ከአፍሪካ ምድር የተገኘ የመጀመሪያው ሙሉ ጥንታዊ የዘር መዝገብ ሆነ። በዛሬው ሕዝብ መካከል ለባይራ እጅግ የቀረቡ ሆነው የተገኙት ከጋሞ በስተምዕራብ የሚኖሩት አሪዎች ናቸው። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የአሪ ብረት ቀጥቃጮችና የአሪ ገበሬዎች የጋራ ምንጭ እንዳላቸው አረጋገጠ። በመካከላቸው የሚታየው የዘር ልዩነት የመጣው ከሌላ አገር በመፍለስ አይደለም፤ ቀጥቃጮቹ ተገልለው እርስ በርሳቸው ብቻ ሲጋቡ በመኖራቸው ነው። መገለል ራሱ ልዩነቱን ፈጠረው፣ ከዚያም ልዩነቱ ለመገለል ምክንያት ሆኖ ተጠቀሰ።

ሸማኔው በሁለት አገር

በጋሞ የሸማኔ ዕጣ ከሸክላ ሠሪው የተለየ ነው። ዶርዜና የቀሩት የጋሞ ደጋ ሸማኔዎች አብዛኞቹ ማላ ናቸው። ሴቶች ጥጡን ይፈትላሉ፣ ወንዶች ጉድጓድ ላይ ተቀምጠው ድርና ማጉን ያዋሕዳሉ። ሸማኔ በአገሩ መሬት አለው፣ ዱቡሻ ላይ ይነሣል፣ ሀላቃ ይሆናል፣ በመስቀል ቀን ነጭ ለብሶ በክብር ይቆማል።

ይኸው ሰው አዲስ አበባ ሲገባ ሌላ ሰው ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ጋሞ በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ሥር ከተጠቃለለ በኋላ የጋሞ ሸማኔዎች ወደ አዲሷ ዋና ከተማ መጡ፤ በእንጦጦ ግርጌ፣ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ሰፈሩ። የከተማዋ መኳንንትና ወይዛዝርት የለበሱት ጥለትና ጥበብ ከእጃቸው የወጣ ነው። ከተማው ግን ሸማውን ከልብሱ ሁሉ አስቀድሞ ሲለብስ ሸማኔውን ከሰው በታች አደረገው፤ በሥራው ስም አውጥቶ ሰደበው።

ስድቡ እስከ ቤተ መንግሥት ተሰማ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ጸሐፊውን፣ ገበሬውንና ነጋዴውን በሥራው እየጠራ የሚሰድብ ሁሉ እንደሚቀጣ አስታወቁ። ስድቡ ሠራተኛን ከሥራው እያሸሸ አገርን ባዶ እንደሚያደርግ፣ በሌላው አገር ብልህ ሰው አዲስ ነገር ሲሠራ እንደሚሸለም፣ የአዳም ዘር ሁሉ አንድ እንደ ሆነ አዋጁ ይናገራል። በአገራችን ለሠርቶ አደር ክብር ከቆሙ ነገሮች መካከል ይህን አዋጅ በግንባር ቀደም አስቀምጠዋለሁ። ከድንጋይ አልተጠረበም፣ ሪባን አልተቆረጠለትም፤ ሆኖም ተሰዳቢው ዳኛ ፊት ቆሞ ሊከስበት የሚችል ነገር ሰጠው። ሰው ጆሮ ውስጥ የገባ ንቀት ግን በአዋጅ ብቻ አይወጣም፤ ሸማኔው እስከ ልጅ ልጁ ድረስ ስድቡን ሲሸከም ኖሯል።

ዛሬ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ስድቡ ቢቀንስለትም ሌላ ፈተና ገጥሞታል። የእርሱን ጥለት በፋብሪካ አትሞ ከውጭ የሚያስገባ ነጋዴ በርካሽ ዋጋ ይሸጥበታል። ከዚህም የከፋው የሕፃናቱ ነገር ነው። ከጋሞ ደጋ በደላላ እየተወሰዱ፣ ትምህርት ይማራሉ ተብሎ ለወላጆቻቸው ተነግሮ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከማለዳ እስከ ሌሊት ሸማ ጉድጓድ ውስጥ የሚውሉ ልጆች መኖራቸው በተደጋጋሚ ተመዝግቧል። የሸማን ጥበብ የሚያወድስ ማንኛውም ሐውልት እነዚህን ልጆች ካላነሣ ውሸት ይሆናል።

ሐምሳ ሜትር ከፍታ

ቸርችል ጎዳና ከፒያሳ እስከ ለገሃር ሲወርድ የአገሪቱን ሐውልቶች በመስመር የሚያስነብብ መንገድ ነው። ከላይ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ አለ። እውነተኛው፣ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው መድፍ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ቀልጦ ተሠርቶ፣ በሰው ጉልበት ተጎትቶ መቅደላ የደረሰው በ1860 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬም እዚያው ይገኛል። አምሳያው የሚያስታውሰን ንጉሠ ነገሥቱን ነው። በጋፋት እሳት ፊት የቆሙት ቀጥቃጮችና ገመዱን በትከሻቸው የጎተቱት ሺዎች በአደባባዩ ላይ ስም አላገኙም።

ትንሽ ወረድ ሲሉ፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት፣ ትግላችን ሐውልት ቆሟል። የተመረቀው አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን ባከበረበት በመስከረም 1977 ዓ.ም. ነው፤ ሥራው የተከናወነው በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እርዳታ ነው። በቀጥታ ወደ ላይ የወጣው ምሰሶ ጫፉ ላይ ኮከብ አለው። በግራና በቀኝ በተዘረጉት ግድግዳዎች ላይ የአብዮቱ ታሪክ በቅርጽ ተነግሯል፤ ረኃቡ፣ ዐመፁ፣ ወታደሩ፣ ገበሬው፣ ሠራተኛው፣ ሕዝቡን የሚመሩት ሊቀ መንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያምም አሉበት። በኦጋዴን ጦርነት ለኢትዮጵያ ተሰልፈው የወደቁ የኩባ ወታደሮችም በምስል ተዘክረዋል። በሥራው ብቃት ከተመዘነ ትልቅ ሥራ ነው፤ ገበሬንና ላብ አደርን በዚህ መጠን በአደባባይ የቀረጸ ሌላ ሐውልት አዲስ አበባ የላትም።

ደርግ ለሠርቶ አደሩ ያደረገውን ሁሉ ዋጋ ቢስ ማለት ሐሰት ይሆናል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ በጋሞ ደጋ ትልቅ ለውጥ አምጥቷል። ማናውና ደጋላው እንደ ማንኛውም ገበሬ መሬት የማግኘትና የገበሬ ማኅበር አባል የመሆን መብት በሕግ አገኘ። ለእድገት በኅብረት ዘመቻ የመጡት ተማሪዎች ይህንን መብት በየመንደሩ ሰበኩ። ስንቱ ደሬ እንደ ተቀበለውና ስንቱ እንዳጉረመረመ ሌላ ታሪክ ነው፤ ማላው ከለመደው ቦታ በቀላሉ አልተነሣም። ቢሆንም ከዚያ በፊት ሸንጎ ያልቀረበ ሰው በቀበሌ ስብሰባ ላይ እጁን አንሥቶ መናገር ጀመረ። በኋላም የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መስፋፋትና ትምህርት ለብዙ የእጅ ባለሙያ ቤተሰቦች ሌላ መውጫ ከፍተዋል።

ደርግ ግን በአንድ እጁ የሰጠውን ድምፅ በሌላ እጁ ዘጋው። በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በመስከረም 1968 ዓ.ም. ከደርጉ ፖሊሲ ጋር በግልጽ ተጋጨ፤ መሪዎቹ ታሰሩ፣ ማኅበሩም በዚያው ዓመት ፈረሰ። በምትኩ በጥር 1969 ዓ.ም. ከመንግሥት የሚታዘዝ የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ቆመ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የሠራተኞች ፓርቲ ተብሎ ኢሠፓ ሲመሠረትና ትግላችን ሐውልት ሲመረቅ፣ ሠራተኛው በነሐስ ላይ መዶሻውን አንሥቶ ቆሞ ነበር፤ በፋብሪካው ውስጥ ግን ያለ ፈቃድ ስብሰባ መጥራት አይችልም ነበር። በዚያው ወር ወሎና ትግራይ በረኃብ ያልቁ ነበር። ከምርቃቱ ስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ የኮረም መጠለያ ምስል በቴሌቪዥን ለዓለም ታየ። በግድግዳው ላይ ረኃብ ያለፈ ሥርዓት ወንጀል ሆኖ ተቀርጿል፤ የተቀረጸው ገበሬ ወንድም ግን በዚያው ሰዓት እየሞተ ነበር፣ ሞቱንም በአደባባይ የሚናገርለት አልነበረም።

የሌሎቹ የዘመኑ ሐውልቶች ዕጣ የታወቀ ነው። ከአፍሪካ አዳራሽ አጠገብ በ1976 ዓ.ም. የቆመው የሌኒን ሐውልት፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር በወጡ በሁለተኛው ቀን፣ ግንቦት 15 ቀን 1983 ዓ.ም. ወረደ። ምሥራቅ ጀርመን የሰጠችው፣ ዮ ያስትራም የጠረበው የካርል ማርክስ ሐውልት ግን ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ እስከ ዛሬ አለ። ትግላችንም አለ። መቆየቱ ደግ ነው ባይ ነኝ። ሐውልት ሲፈርስ ክርክሩም አብሮ ይፈርሳል፤ ሲቆይ ግን ልጆቻችን ከፊቱ ቆመው በግድግዳው ላይ ስላለውም ስለ ሌለውም ሊጠይቁ ይችላሉ።

ሌሎች የሄዱበት መንገድ

ሠራተኛን በትልቅ ቅርጽ ማክበር ከአውሮፓ የፋብሪካ ዘመን ጋር የመጣ ልማድ ነው። ቤልጂጋዊው ኮንስታንታን ሜዩኒየ የማዕድን ቆፋሪዎችን፣ የወደብ ጫኞችንና የብረት አቅላጮችን ሲቀርጽ ኖሮ በ1905 እ.ኤ.አ. ሞተ፤ ለሥራ ክብር ያሰበው ሐውልት ብራስልስ ላይ የቆመው በ1930 ነው። የእርሱ ሠራተኞች ደክመዋል፣ ጎንበስ ብለዋል፣ ያስባሉ። ሶቪየታዊቷ ቬራ ሙኺና ለ1937 እ.ኤ.አ. የፓሪስ ዐውደ ርእይ የሠራችው ከዝገት ነጻ ከሆነ ብረት የተሠራ ሐውልት ግን የተለየ መንፈስ አለው። 24 ሜትር ገደማ የሚረዝሙት ወንድና ሴት መዶሻና ማጭድ ወደ ሰማይ ዘርግተው ወደፊት ይራመዳሉ፤ ድካም አያውቁም፣ ጥያቄም የላቸውም። ያ ዓመት በአገራቸው የጅምላ እስርና ግድያ ዓመት ነበር። ትግላችን የተወለደው ከሙኺና ወገን ነው።

ሦስተኛ መንገድም አለ። በግንቦት 1886 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቺካጎ፣ ሄይማርኬት በተባለ ቦታ፣ የስምንት ሰዓት የሥራ ቀን የሚጠይቁ ሠራተኞች ጋሪ ላይ ቆመው ሲናገሩ ፖሊስ ሊበትናቸው መጣ፣ ቦምብ ተወረወረ፣ ከሁለቱም ወገን ሰው ሞተ። ስምንት ሰዎች ተከስሰው አራቱ በሚቀጥለው ዓመት ተሰቀሉ። ዓለም ሚያዝያ 23 ቀን የሚያከብረው የሠራተኞች ቀን ከዚህ ትግል ጋር የተያያዘ ነው። በቦታው መጀመሪያ የቆመው ሐውልት፣ በ1889 እ.ኤ.አ.፣ የፖሊስ ነበር። በ1969 እና በ1970 ሁለት ጊዜ በፈንጂ ተመትቶ በመጨረሻ ከዚያ ተነሣ። በ2004 እ.ኤ.አ. ሜሪ ብሮገር የሠራችው አዲስ ሐውልት ሲቆም ግን ፖሊሱም የተሰቀሉት ሰዎች መልክም አልተመረጠም። የቆመው ተናጋሪዎቹ የወጡበት ጋሪ ነው። ከተማዋ ከ118 ዓመት በኋላ ልታከብረው የሚገባው የመናገሪያው ቦታ መሆኑን አመነች። በኦቾሎ ያለውን የድንጋይ መቀመጫ የሚያውቅ ሰው የብሮገርን ሐሳብ ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አርባ ምንጭ ምን ታቁም?

የያኔው የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ከጨንቻ ወርዶ አባያና ጫሞን በሚያየው ሜዳ ላይ ከከተመ ወዲህ አርባ ምንጭ በሠራተኛ እጅ ያደገች ከተማ ናት። ሙዝ አምራቹ፣ ዓሣ አጥማጁ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ወዛደር፣ ከደጋ የሚወርደው ሸማኔ፣ ሸክላ ተሸክማ ገበያ የምትወጣው እናት፣ የቀን ሠራተኛው፣ ሁሉም ይኖሩባታል። ከተማዋም እንደ ሌሎቹ ከተሞቻችን አደባባይ ታበጃለች፣ ሐውልት ታቆማለች። ለሠርቶ አደሩ የሚገባ ሐውልት ማቆም ቢታሰብ ግን ሞዴሉ ከፒዮንግያንግ ወይም ከሞስኮ መምጣት የለበትም። ከተራራው ላይ፣ ከጋሞ አባቶች ዱቡሻ ሊወረስ ይችላል፤ የዱቡሻውን ጉድለት ግን መድገም አይገባም።

እኔ የማየው ሐውልት ሰው የሚቀመጥበት ነው። ከኦቾሎ ዓይነት ቋጥኝ የተሠራ፣ በክብ የተደረደረ የድንጋይ መቀመጫ፣ መሐሉ ላይ የሚናገር ሰው የሚቆምበት ቦታ ያለው። በየመቀመጫው ላይ የሙያው መሣሪያ ይቀረጽበት፤ የሸማኔው መወርወሪያ፣ የፈታይዋ እንዝርት፣ የቀጥቃጩ ወናፍ፣ የቆዳ ፋቂው ባለ እጀታ ድንጋይ፣ የሸክላ ሠሪዋ ገንቦ። የመጀመሪያውን ረድፍ ለዘመናት ዱቡሻ ያልቀረቡት ሰዎች ልጆች ይያዙት። የጠረበው፣ የተሸከመውና ያጣበቀው ሠራተኛ ስሙ ከመረቀው ባለ ሥልጣን ስም በፊት ይጻፍ። ቅርጹን የሚወስነው ጨረታ ከመውጣቱ በፊት ሸክላ ሠሪዎቹና ቆዳ ፋቂዎቹ ራሳቸው ተሰብስበው ይምከሩበት፤ በምስል መቀረጽ የማይፈልጉ ከሆነም ቃላቸው ይከበር።

ከተሠራ በኋላም ሥራ ይሥራ። የሙዝ ዋጋ ሲወድቅ አምራቾቹ እዚያ ይሰብሰቡ። የፋብሪካው ሠራተኞች ስለ ደመወዛቸው እዚያ ይምከሩ። ልጆቻቸውን በደላላ ያጡ ወላጆች እዚያ ቆመው ይናገሩ፣ ሹማምንቱም ተቀምጠው ይስሙ። ሴቶች በእኩልነት ይቀመጡበት። ከተማው ይህን ለማድረግ ዝግጁ ካልሆነ ገንዘቡን ለሸክላ ሠሪዎቹ ማቃጠያና ለሸማኔዎቹ የጥጥ ግዢ ብድር ቢያውለው ሠርቶ አደሩን የበለጠ ያከብረዋል።

በአገራችን ታሪክ ሦስት ነገሮች ለሠራተኛው ክብር ቆመዋል። የ1900ው አዋጅ ሕግ ሰጠው፤ የ1967ቱ አዋጅ መሬት ሰጠው፤ የ1977ቱ ሐውልት ምስል ሰጠው። አራተኛው፣ የመናገሪያው ቦታ፣ ገና አልተሰጠውም። ኦቾሎዎች ይህ ቦታ እንዴት እንደሚሠራ ለዘመናት ያውቁታል፤ ጉድለቱ የነበረው ከማን ጋር እንደሚቀመጡ ላይ ነው። ያንን ጉድለት ማረም የጋሞ ልጆች፣ የአርባ ምንጭ ከተማና የእያንዳንዱ የኢትዮጵያ አደባባይ ሥራ ነው፤ ሐውልት ሠሪው ሊጀምር የሚገባው ያ ከተጀመረ በኋላ ነው።